ሁለት የሚያስፈሩ ጨዋታዎችና አንድ ዘገምተኛ ተናጋሪ

ዕድሜው ሠላሳን ያለፈና የመንግሥት ደመወዝ የሚቀበል ሰው ስለ ልጆች ጨዋታ ለመጻፍ ብዕር ሲያነሣ ቢታይ፥ «ይህስ ምን ሥራ ፈት ነው!» መባሉ አይቀርም። ነቀፌታውን አስቀድሜ ተቀብያለሁ። ነገር ግን በሥራ ምክንያት ናይሮቢ ከተማ በተቀመጥሁባቸው ዓመታት ከእኅቴ ልጅና ከጐረቤት ልጆች ጋር የተጫወትኋቸው ሁለት ጨዋታዎች፥ በየስብሰባው ለብዙ ጊዜ ሲያስጨንቀኝ የኖረውን አንድ ነገር ገልጠው ስላሳዩኝ፥ እነርሱን አስተያይቼ የታየኝን መጻፍ ወደድሁ። አማርኛን ከእናት ጡት ጋር ሳይሆን እንደኔ ከጥቁር ሰሌዳ ላይ የተማራችሁ፥ ወይም ዛሬ በመማር ላይ ያላችሁ የሥራ ባልደረቦቼ በተለይ ጉዳዩ ሳይነካችሁ አይቀርም።

ሁለቱም ጨዋታዎች ብዙ ሰዎች በየቤታቸው ሆነው በኢንተርኔት እየተገናኙ የሚጫወቷቸው ናቸው። ሁለቱም የሚፈጸሙት ከምድር ውጭ በጠፈር ነው፤ ሁለቱም የተሠሩት ለማስፈራት ነው። ሰው ጊዜውንና ገንዘቡን ከፍሎ መፍራትን ለምን እንደሚወድ እኔ የምመልሰው ጥያቄ አይደለም። ነገር ግን የጅብ ተረት ካልተነገረን አንተኛም እያልን አያቶቻችንን ስናስቸግር ያደግን ሰዎች በዛሬዎቹ ልጆች ላይ ልንፈርድ የሚገባን አይመስለኝም።

የመጀመሪያው ጨዋታ አሞንግ አስ ይባላል፤ ትርጓሜው «በመካከላችን» ማለት ነው። ኢነርስሎዝ የሚባል አነስተኛ የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 አወጣው፤ ሁለት ዓመት ያህልም ብዙ ሰው ሳያውቀው ቈየ። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ዓለሙን ሁሉ በየቤቱ በዘጋው ጊዜ ግን ባንድ ጊዜ በየአገሩ ተሰራጨ። በኬንያም በዚያ ዓመት በመጋቢት ወር ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በዚያው ወር ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ድረስ ማንም በናይሮቢ መንገድ ላይ እንዳይገኝ ሰዓት እላፊ ታወጀ።

እኛ የምንኖረው ኪሊማኒ በሚባለው ሰፈር፥ ከአገራችን የመጡ በርከት ያሉ ቤተሰቦች በተከራዩት ባንድ ፎቅ ቤት ውስጥ ነበር። ልጆቹ ከትምህርት ቤትና ከሜዳ ተለይተው በየክፍላቸው ሲቀሩ፥ እናቶቻቸው ከበሽታው ሌላ አንድ ጭንቀት ነበረባቸው። ይኸውም ልጆቹ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ፥ በስዋሂሊና ሁለቱን አዳቅሎ በሚናገረው የናይሮቢ ወጣቶች ቋንቋ፥ በሼንግ ስለ ነበረ፥ የወላጆቻቸውን ቋንቋ እየረሱ መሄዳቸው ነው። ስለዚህ እናቶች ተማክረው ቈረጡ፤ ጨዋታው ይፈቀዳል፥ ነገር ግን በአማርኛ ብቻ። እኔም «አማርኛ ዐዋቂ» ተብዬ ተቈጣጣሪ ሆኜ ተሾምሁ።

«ዐዋቂ» የሚለው ቃል ያለ ቦታው የገባ ነበር። አፌን የፈታሁት በትግርኛ ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ አማርኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ተምሬዋለሁ፤ መምህራችን የግሥ ርባታን በጥብቅ ያስተምሩን ስለ ነበረ፥ ዛሬም ደብዳቤ ስጽፍ የሚያርመኝ ሰው እምብዛም አይገኝም። ነገር ግን እዚያ የተማርሁት የአማርኛን ሰዋስው እንጂ የአማርኛን ጥድፊያ አይደለም። ስናገር ቃሉን ፈልጌ እስካገኝ ድረስ ጥቂት እቆማለሁ፤ ቃሉ የማይቀር ቢሆንም እንደ ሽማግሌ በትር ተመርኵዞ ነው የሚመጣው።

የጨዋታው ሥርዐት እንዲህ ነው። ያን ጊዜ እስከ 10 የሚደርሱ ሰዎች (ኋላ 15 ሆነዋል) ባንዲት የጠፈር መርከብ ይሳፈራሉ። አብዛኞቹ ታማኝ መርከበኞች ናቸው፤ የተበጠሰ ሽቦ ይገጥማሉ፥ ካርድ በማሽን ያሳልፋሉ፥ ቆሻሻ ይደፋሉ። ከመካከላቸው ከአንድ እስከ ሦስት የሚሆኑት ግን መርከበኛ መስለው የገቡ ገዳዮች ናቸው፤ ማን እንደ ሆኑም ከራሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። ሬሳ ያገኘ ሰው ያስታውቃል፤ ሁሉም ይሰበሰባሉ፤ «የት ነበርህ? ማን አየህ?» ተባብለው ይከራከራሉ፤ ከዚያም ድምፅ ይሰጣል፤ ብዙ ድምፅ የወደቀበት ሰው ከመርከቧ ወደ ባዶው ጠፈር ይጣላል። በሥራ ሰዓት መናገር አይገባም፤ አፍ የሚከፈተው በስብሰባ ብቻ ነው።

የአገራችን አረጋውያን ይህን ቢያዩ «ይህማ አውጫጭኝ ነው» ባሉ ነበር። በቀድሞ ዘመን ማንነቱ ያልታወቀ ሌባ ወይም ነፍሰ ገዳይ ሲነሣ፥ የአገሩ ሰው ሁሉ ባንድ ቦታ እየተሰበሰበ፥ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ሥራውን ትቶ እንዲቀመጥ ይደረግ ነበር። አውጫጭኝ በሕዝቡ ላይ ከባድ ነገር መሆኑ የታወቀ ነው፤ ሆኖም ቢያንስ ጊዜ ነበረው። ዘገምተኛም ቢሆን ንግግሩን ይጨርሳል። በጨዋታው ግን ነገሩ ሁሉ በሁለት ደቂቃ ያህል ያልቃል፤ ሰዓቱም እየቈጠረ በዓይን ፊት ይታያል።

ጨዋታውን የጀመርነው በመስከረም 2013 ዓ.ም. ነበር። በመጀመሪያው ቀን የተነሣው ክርክር፥ መርከበኛ መስሎ የገባው ሰው በአማርኛ ምን ይባል የሚል ነው። ከታችኛው ፎቅ ያለችው፥ ያን ጊዜ የ11 ዓመት ልጅ የነበረችው፥ አንደበቷ የተፍታታ ልጅ «ሰርጎ ገብ እንበለው» አለች፤ ሁሉም ተቀበሉ። ቃሉ ትክክል ነው፤ መዝገበ ቃላትም አይቃወመውም። በጥቅምት ወር መጨረሻ ግን በአገራችን ሰሜን ጦርነቱ ተነሣ፤ እንዲህ ያለውም ቃል በየዜናውና በየሰዉ አፍ ላይ ይመላለስ ጀመር። አንድ ቀን ልጆቹን «ከእንግዲህ አስመሳይ ብንለው ይሻላል» አልኋቸው። ልጅቱ ለምን ብላ ጠየቀችኝ። «ለመጥራት ይቀላል» ብዬ መለስሁላት። እንደማይቀል እርሷም እኔም እናውቃለን፤ ግን አልተከራከረችኝም።

በዚያው ሰሞን አንድ ምሽት ስምንት ሆነን እንጫወታለን። እያንዳንዱ ተጫዋች የሚጠራው በለበሰው ልብስ ቀለም ሲሆን እኔ ቡናማው ነበርሁ። መጋዘን ውስጥ ብቻዬን ሽቦ ስገጥም ስብሰባ ተጠራ፤ ሬሳው የተገኘው እዚያው አቅራቢያ፥ በኤሌክትሪክ ክፍሉ ነው።

«ጋሼ፥ እርስዎ የት ነበሩ?» አለች ልጅቱ።

ጥያቄው ቀላል ነው። «መጋዘን» ማለት ብቻ ይበቃኝ ነበር። ይህን ቃል በቢሮ ሥራዬ መቶ ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ የንብረት ክፍል ደብዳቤ ያለ እርሱ አይጻፍም። ያን ጊዜ ግን ወደ አፌ የመጣው የትግርኛው ወንድሙ «መኽዘን» ነበር፤ እርሱን ወደ ኋላ ስመልስ ሌላው ዘገየ። «እ . . . እዚያ . . . ዕቃ የሚቀመጥበት . . .» ስል ሦስት ልጆች ባንድነት «ጋሼ ናቸው! ጋሼ ናቸው!» ብለው ጮኹ። እኔም ደንግጬ «ኣነ ኣይኮንኩን!» አልሁ፤ «እኔ አይደለሁም» ማለቴ ነው። ከሰባቱ አምስቱ ፈረዱብኝ። አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው፥ በ«እርስዎ»ና በ«ናቸው» እየተከበርሁ መጣሌን ነው። አማርኛ በዚህ በኩል የሚያህለው ቋንቋ ያለ አይመስለኝም።

ቡናማው ሰውዬ ተጥሎ በከዋክብት መካከል እየተንከባለለ ሲሄድ በስልኬ መስተዋት ላይ ታየ። ከዚያም አስመሳይ እንዳልነበርሁ የሚገልጽ አንድ መስመር ወጣ። ጨዋታው እውነቱን የሚናገረው ሰውየውን ከጣሉት በኋላ ነው።

ልጆቹ ሣቁ፤ እኔም ሣቅሁ፤ በዚህ የሚቀየም ሰው የለም። ቢሆንም ስልኬን ይዤ ወደ በረንዳው ወጣሁ። እናቴ የምትኖረው ዓዲግራት ነው። የስልኩ መስመር ከተቋረጠ ሳምንታት አልፈው ነበር፤ እኔም በየማታው፥ መንገዱ ሁሉ ጭር ሲል፥ ከዚያው በረንዳ ላይ ቍጥሯን መሞከር ልማድ ሆኖብኝ ነበር። ያን ማታም ሞከርሁ። አልሠራም።

በማግሥቱ ልጅቱ እናቷ የጋገረችውን ዳቦ በሳሕን ይዛ መጣችና፥ ከበሩ ላይ ቆማ፥ «ጋሼ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ዝም ስላሉ እኮ ነው» አለችኝ። በዕድሜዬ ከብዙ ሰው ይቅርታ ተቀብያለሁ፤ እንደዚህ ያለ ቅን ምክንያት የቀረበበት ግን አልገጠመኝም። በዚያ ጨዋታ ዝም ያለ ሰው በደለኛ ነው። በቢሮ ስብሰባም ብዙ ጊዜ የታዘብሁት ይኸው ነው። ነገሩን በሚገባ የሚያውቀው ሰው ቃል ሲፈልግ፥ የማያውቀው ግን አንደበቱ የቀና ሰው ተናግሮ ይጨርስና ቃለ ጉባኤው በእርሱ ቃል ይጻፋል።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ እኔ ተበዳይ ሆኜ በቀረሁ ነበር፤ ግን አላለቀም። ሁለት ሳምንት ያህል ቈይቶ ዕጣው ወጣብኝና በእውነት አስመሳይ ሆንሁ። ሁለት ሰው ገድዬ ተጠየቅሁ፤ እንደ ልማዴ ተንተባተብሁ። ልጅቱ የቀደመው ስሕተት ሳያስጨንቃት አልቀረም፤ «ተዉአቸው፥ ጋሼ ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው!» ብላ ተሟገተችልኝ። ሌላ ንጹሕ ልጅ ተጣለ። ከዚያም የተሟገተችልኝን ልጅ ራሷን ገድዬ አሸነፍሁ። በድል እንዲህ ያፈርሁበት ቀን የለም።

ይህን ጨዋታ ለማጣጣል ብቻ የምጽፍ አይምሰላችሁ። በስልክ በነጻ ይገኛል፤ አንዱ ዙር በሩብ ሰዓት ያህል ስለሚያልቅ የቤት ሥራ አያስረሳም፤ የሞተ መርከበኛ እንኳ ነፍሱ የቀረውን ሥራ እንድትፈጽም ይፈቀድላታል፥ ይህም ደስ የሚል አሳብ ነው። በመርከቧ የሕክምና ክፍል አንድ መመርመሪያ አለ፤ በላዩ የቆመ ሰው ሌላው እያየው ከተመረመረ ንጽሕናው ያለ ክርክር ይታወቃል። እኔ ከጨዋታው ሁሉ የወደድሁት ይህን መመርመሪያ ነው። የጨዋታው መሠረት የሆነው አሳብም ቢሆን አዲስ አይደለም። ዲሚትሪ ዳቪዶፍ የሚባል የሞስኮ የሥነ ልቡና ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 ማፊያ የሚባለውን፥ ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠው ገዳዩን በንግግር የሚፈልጉበትን ጨዋታ ፈጠረ፤ አሞንግ አስም የተወለደው ከዚያና እ.ኤ.አ. በ1982 ከወጣ «ዘ ቲንግ» ከሚባል የሲኒማ ፊልም ነው። በፊልሙ ውስጥ የሰውን መልክ የሚወስድ ፍጡር በበረዶ ምድር ባሉ ሠራተኞች መካከል ይገባና ጓደኛ ጓደኛውን መፍራት ይጀምራል። ፍርሀቱ ከጭራቁ ይልቅ ከባልንጀራ የሚመጣ ነው።

ሁለተኛው ጨዋታ ሊታል ካምፓኒ ይባላል፤ «ገዳዩ ኩባንያ» ብንለው ያስኬዳል። ዚከርስ በሚል ስም የሚታወቅ ሰው ብቻውን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 2023 አወጣው። እኛ ዘንድ የደረሰው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። ልጆቹ አድገዋል፤ ትምህርት ቤቱም መንገዱም ከተከፈተ ቈይቷል፤ የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ መስመሩ ተከፍቶ የእናቴን ድምፅ ከሰማሁም ዓመት አልፎኛል። ጨዋታው ኮምፒዩተርና ወደ 10 ዶላር የሚጠጋ ዋጋ ስለሚጠይቅ ስምንት መሆን አልቻልንም። አራት ሆንን፤ የእኅቴ ልጅ፥ የታችኛው ፎቅ ልጅ፥ ወንድሟና እኔ። የአማርኛውም ሕግ እንደ ጸና ነበር፤ እናቶች ሕግ ካወጡ በቀላሉ አይሽሩም።

በዚህ ጨዋታ አራት ሰዎች ለአንድ «ኩባንያ» ተቀጥረው፥ ሰው ጥሏቸው በሄደ ጨረቃዎች ላይ እያረፉ አሮጌ ዕቃ ይሰበስባሉ። የመኪና ሞተር፥ የሻይ ማፍያ፥ የመንገድ ምልክት፥ የሕፃን መጫወቻ ዳክዬ፥ ያገኙትን ሁሉ ተሸክመው ወደ መርከባቸው ያመጣሉ፤ ሸክም በበዛ ቍጥር መሮጥ ያቅታል። በሦስት ቀን ውስጥ የተወሰነ ዋጋ ያለው ዕቃ ማስረከብ ግዴታ ነው፤ የመጀመሪያው ኮታ 130 ሲሆን ከዚያ በኋላ እየጨመረ ይሄዳል። ኩባንያው ሙሉ ዋጋ የሚከፍለው በመጨረሻው ቀን ብቻ ነው። የተቀባዩ ፊት አይታይም፤ ዕቃው ከመስኮቱ ላይ ይቀመጣል፥ ደወል ይመታል፥ አንድ ነገር ከጨለማው እጁን ዘርግቶ ይወስዳል። ደወሉን አብዝቶ የመታ ሠራተኛም ከዕቃው ጋር ሊወሰድ ይችላል። የበጀት ዓመት መዝጊያ ሰሞን በየመስኮቱ ጉዳይ ለማስፈጸም የተመላለሰ ሰው ይህን ክፍል ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

ጭራቆቹ ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም ብዘረዝር ጋዜጣው አይበቃኝም። አንዱ አንገቱ በጥቅልል ሽቦ የተሠራ አሻንጉሊት ነው፤ የሚመለከተው ዓይን ካለ ንቅንቅ አይልም፥ ዓይን ከተነሣለት ግን በዚያች ቅጽበት ይደርሳል። ከእርሱ ለማምለጥ አንዱ አፍጥጦ ሲያይ ሌላው መሄድ፥ ከዚያም ተራ መለዋወጥ ነው። ሲመሽ ደግሞ ዓይን የሌላቸው ትልልቅ ውሾች ወደ ሜዳው ይወጣሉ። አያዩም፤ ይሰማሉ። የሚሰሙትም በጨዋታው ውስጥ ያለውን ኮቴ ብቻ ሳይሆን፥ ተጫዋቹ ራሱ በቤቱ ተቀምጦ በድምፅ ማጉያው የሚናገረውን ቃል ነው።

ዋናው ልዩነት ከድምፅ ላይ ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ ድምፅ የሚያስፈልገው ለክስና ለመከላከያ ነው። በሁለተኛው ስብሰባ የሚባል ነገር የለም፤ ሰው ሁልጊዜ ሊናገር ይችላል፥ ድምፁ ግን እንደ እውነተኛው ዓለም ሲርቅ ይደክማል፥ ሲቀርብ ይጐላል። ጓደኛህ ከኮሪደሩ ጥግ ሲታጠፍ ድምፁ ይቀጥናል፤ በአረፍተ ነገር መካከል ቍርጥ ያለ እንደ ሆነ ግን ምን እንደ ደረሰበት ትገምታለህ። በአሞንግ አስ ባልንጀራዬን ስፈራ አመሸሁ፤ በሊታል ካምፓኒ ለባልንጀራዬ ስፈራ አመሸሁ። ሁለቱም ፍርሀት ናቸው፤ ልብ ግን አንድ ዓይነት አይመታም።

እጄ ለሩጫና ለዝላይ ዘገምተኛ ስለ ሆነ፥ ልጆቹ መርከቧ ውስጥ ከመቈጣጠሪያው ፊት አስቀመጡኝ። ከዚያ ሆኖ ሌሎቹ የት እንዳሉ በመስተዋቱ ላይ ማየት፥ የተዘጋ በር መክፈት፥ በእጅ ሬዲዮ መነጋገር ይቻላል። ሥራው የጽሕፈት ቤት ሥራ ስለ ሆነ ወደድሁት። «በስተግራ በር አለ»፥ «አንድ ነገር ከኋላሽ ነው» ማለት ብቻ ነው። «ስተግራ» ብዬ ፊደል ብውጥ፥ ጾታና ቍጥር ባዛባ፥ ቃሉ ጠፍቶኝ «ያ . . . ያ ነገር» ብል ማንም አልሣቀብኝም፤ ምክንያቱም የሚፈልጉት አነጋገሬን ሳይሆን እኔ በመስመሩ ላይ መኖሬን ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ የእኅቴን ልጅ ሞተር ላግዝ ብዬ ወደ ውጭ ወጣሁ። ከጫካው አንድ ግዙፍ ፍጡር ብቅ አለ። ልጅቱ ከሩቅ አይታ «ጋሼ፥ ሩጥ!» ብላ ጮኸች፤ ሮጥሁም፥ አመለጥሁም። ከጨዋታው በኋላ ግን ድምፅዋ ተለውጦ፥ «ጋሼ፥ ‹ሩጥ› አልሁዎት እኮ!» አለችኝ፤ ማፈሯ ነው። «ይሩጡ» ብትለኝ ኖሮ ተበልቼ ነበር፤ አንዲት ፊደል ማትረፏ አዳነኝ። ከጥቁር ሰሌዳው ዘመን ጀምሮ ካጠናኋቸው ትእዛዝ አንቀጾች ሁሉ እንደዚያ ያለ ጣፋጭ አልሰማሁም።

ይህም ጨዋታ ነውር አለበት። ደም ይታይበታል፤ ከ10 ዓመት በታች ላለ ልጅ አልመክረውም፤ እኔም ራሴ ሁለት ሌሊት ያህል የሽቦ አንገቱን አሻንጉሊት በሕልሜ አይቻለሁ። ለሞተ ሠራተኛ ኩባንያው የሚያስበው ቅጣትን ብቻ ነው። ሬሳው ወደ መርከብ ከተመለሰ ቅጣቱ ይቀንሳል፤ ልጆቹ ግን ቅጣቱ በማይከብድበት ቀን እንኳ ሬሳ ጥለው መሄድን አይወዱም ነበር። ይህን ያዘዛቸው የለም።

በመጨረሻ የተጫወትንበትን ምሽት ልንገራችሁ። ሦስተኛው ቀን ነው፤ ኮታው አልሞላም። ሁለቱ ወንዶች ልጆች ተመልሰው ከእኔ ጋር መርከቧ ውስጥ ናቸው፤ ልጅቱ ከውጭ ቀርታለች። መሽቷል። እኩለ ሌሊት ሲሆን መርከቧ ማንንም ሳትጠብቅ በራሷ ትነሣለች። በመስተዋቱ ላይ የልጅቱን ምልክት አያለሁ፤ በመርከቧ ዙሪያም ሁለት ቀያይ ነጥቦች ወዲያና ወዲህ ይላሉ፤ ውሾቹ ናቸው። ምልክቷ ቆመ። ድምፅዋ ጠፋ። ወንድሟ ቀስ ብሎ «ሞታለች፤ ማንሻውን ስበነው እንሂድ» አለ።

«ተጸበዩ» አልሁ በሹክሹክታ። «ጠብቁ» የሚለውን የአማርኛ ቃል ልፈልግ አልሞከርሁም። የእኅቴ ልጅ ቋንቋውን ያውቃል፤ የልጅቱ ወንድም ግን አንዲት ቃል ትግርኛ አይሰማም። ሆኖም እጁን ከማንሻው መለሰ፤ ምን አልህ ብሎም አልጠየቀኝ። ከዚያ በኋላ በሦስት ፎቅ ያለን አራት ሰዎች ትንፋሻችንን ውጠን ተቀመጥን። ዝም ማለት ያለብን ስለ እርሷ ነበር፤ አንድ ቃል ብንናገር ውሾቹ ወደ መርከቧ በር ይሰበሰባሉ፥ እርሷም የምትመጣው በዚያው በር ነው።

ምልክቷ ተንቀሳቀሰ። አንድ ርምጃ፥ ቆመ፤ ሌላ ርምጃ፥ ቆመ። ቀያዮቹ ነጥቦች ከአጠገቧ አለፉ። ከዚያም በሩ ላይ ደረሰች፤ ገባች፤ በእጇ ያለው የሻይ ማፍያ ነበር። ማንሻው ተሳበና ተነሣን። «ለጋሼ ነው» አለች።

የሻይ ማፍያው ዋጋ ኮታውን አልሞላም። በማግሥቱ ያለንን ሁሉ ከመስኮቱ ላይ ደርድረን ብንሸጥ ጥቂት ጐደለን፤ ኩባንያውም እንደ ሕጉ ከሥራ አሰናበተን። የማስጠንቀቂያው ድምፅ ጮኸ፥ የመርከቧ በር ተከፈተ፥ አራታችንም ባንድ ላይ ወደ ጠፈሩ ተጣልን። እየተንከባለልን ስንሄድ ልጅቱ በሣቅ መካከል «ጋሼ፥ የት ነዎት? ይሰሙኛል?» አለች።

«አለሁ» አልኋት። ይህን ቃል ፈልጌ ለማግኘት ጊዜ አልወሰደብኝም።